ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ነፍስና አንድ አውቶቡስ

ጋሽ ልሳነወርቅ አሥራ አንድ ጊዜ ለሽምግልና ተልከው አሥራ አንድ ጊዜ እሺታ ይዘው የተመለሱ ሰው ናቸው። በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ከላንድማርክ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት የአማርኛ አጥቢያዎች ይህን የማያውቅ የለም፤ ቢገኝም እርሳቸው ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳያውቅ እንዲቆይ አይፈቅዱለትም። አሥራ አንዱንም ጥንዶች በስማቸው፣ በሠርጋቸው ቀንና በወለዷቸው ልጆች ብዛት ይጠሯቸዋል። ከአሥራ አንዱ ትዳር እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ተገኝተዋል፤ ሃያኛው በጥር ይጠበቃል።

መቁጠር የወጣትነት ሙያቸው ነበር። በ1976 ዓ.ም. አገር አቀፉ የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበሩና፣ አንድ የሸራ ቦርሳ፣ አንድ ጥቅል ቅጽና አንድ ደርዘን እርሳስ ተሰጥቷቸው አርባ መንደሮችን በእግራቸው ዞረዋል። ለውትድርና ይወሰድብኛል ብሎ የፈራ ልጁን ይደብቅባቸው ነበር፤ እርዳታ ይመጣል ብሎ የሰማ ደግሞ የሌለውን ይጨምርላቸዋል። አንዲት ባልቴት ከሦስት ዓመት በፊት የሞቱትን ባላቸውን፣ ለእኔ ከቤት አልወጡም ብለው፣ ካልተቆጠሩልኝ ሲሉ በር ይዘው አስቁመዋቸዋል። የቡድናቸው ተቆጣጣሪ ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፦ በዓይንህ ያላየኸውን በእርሳስህ አትጻፍ።

ይህን ቃል ጋሽ ልሳነወርቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀውታል፤ ከሽምግልና ሰዓት በስተቀር። ሽምግልና የራሱ ሕግ አለው። በሽምግልና ቀን አጭር ልጅ «ደልዳላ» ነው፣ ሥራ የፈታ «ሥራ የሚመርጥ» ነው፣ ቁጡው «ለቤቱ የሚቆረቆር» ነው። ተናጋሪውም ሰሚውም ይህን እያወቁ ይስማማሉ፤ ግነቱ የወጉ ቅመም እንጂ ውሸት ተብሎ አይመዘገብም። ቢያንስ እስከ አሥራ ሁለተኛው ጊዜ ድረስ አልተመዘገበም ነበር።

አሥራ ሁለተኛው ጉዳይ የመጣው በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ነው። ጋሽ ልሳነወርቅ የሚሠሩት ሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ማሞቂያና አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ላንድማርክ በመሆኑ በየቀኑ በአውቶቡስ ወደ ጣቢያ፣ በሰማያዊው የባቡር መስመር ወደ መሐል ከተማ፣ ከዚያም በቀዩ መስመር ወደ ሥራቸው ይጓዛሉ። መኪና ለምን አይገዙም ሲባሉ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲጠብቁ ውለው ማታ ደግሞ የራሳቸውን መጠበቅ እንደሚሰለቻቸው ይናገራሉ። እናም በዚያ ማክሰኞ መኪና ሳይኖራቸው ወደ መኪና ማቆሚያ የሚመጡ ሁለት ወጣቶች ሲያዩ፣ ገና ከሩቁ ነገሩ ገብቷቸው ከረባታቸውን አስተካከሉ።

ልጅቱን ያውቋታል። ዕድላዊት ትባላለች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የሃያ ሰባት ዓመት የመድኃኒት ባለሙያ፣ የአቶ ሠረቀብርሃንና የወይዘሮ ስሂን አንድያ ልጅ ናት። ልጁን ግን አያውቁትም። ቀጠን ያለ፣ ጠየም ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሕንዳዊ ነበር። በመስታወቷ ቀዳዳ ጎንበስ አለና፣ ሳምንት ሙሉ ሲያጠናው እንደ ሰነበተ በሚያስታውቅ አማርኛ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አላቸው። ከዚያ በኋላ አማርኛው አለቀ፤ የቀረውን በእንግሊዝኛ ቀጠሉ።

ፕራካሽ ይባላል። በሆስፒታል ላቦራቶሪ ይሠራል፤ እዚያው አቅራቢያ ሀያትስቪል በተባለ ሰፈር ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአንድ አፓርታማ ይኖራል፤ አያቱም አባቱም ክርስቲያኖች ናቸው። እናቱና እህቱ ያሉት በደቡብ ሕንድ፣ ሱራላፓሌም በምትባል የገጠር መንደር ነው። ጋሽ ልሳነወርቅ ስለ መንደሯ ሲጠይቁት ስልኩን አውጥቶ አንድ የሕዝብ ቆጠራ ገጽ አሳያቸው። የሕዝብ ብዛት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት፤ ወንድ ሦስት መቶ አንድ፣ ሴት ሦስት መቶ አሥራ አንድ፤ ቤተሰብ አንድ መቶ ሃምሳ ስምንት። አውቶቡስ አለ። የባቡር ጣቢያ በአሥር ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የለም። ፕራካሽ በቃሉ ሲያብራራ፣ አውቶቡሱ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ጧትና ማታ እንደሚመጣ፣ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጨርሶ እንደማይመጣ ነገራቸው።

የቀድሞው ቆጣሪ ልብ ሐሤት አደረገ። ወንዱ ከሴቱ ተለይቶ፣ ቤቱ ከነፍሱ ተነጥሎ እንዲህ በንጽሕና የተቆጠረ መንደር ካዩ ዘመናት አልፈዋል። ገጹ በወረቀት እንዲታተምላቸው አዘዙና አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ችግሩ የልጅቱ አባት ናቸው። አቶ ሠረቀብርሃን ሃያ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ሲሆኑ፣ ዓለምን የሚያውቋት በመስመሮቿ ነው። በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ ሌላው የቤተሰብ ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ፣ የነዷቸው መስመሮች ካርታ በመስታወት ታቅፎ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ከደኅንነቱ በፊት በየት በኩል እንደ መጣ ይጠይቁታል፤ ሲነግራቸውም ያርሙታል። ከዚህ ቀደም ዕድላዊትን ሊጠይቅ የመጣ አንድ ወጣት፣ ያረፈደው አውቶቡሱ ቀርቶበት መሆኑን ሲነግራቸው፣ በዚያ ሰዓት የሚቀር አውቶቡስ እንደሌለ በደቂቃ ቆጥረው አስረድተው ሸኝተውታል።

ጋሽ ልሳነወርቅ ሁለት ረዳት መረጡ። አንደኛው የአጥቢያው ወንጌላዊ ጊዲዮን ሲሆን፣ ሁለተኛዋ ግሮሰሪ ያላት ከበቡሽ ናት። ሴት ሽማግሌ አይላክም ያላት ሰው ነበር፤ ከበቡሽም፣ በዚህ ከተማ ከሚጋቡት ግማሾቹ የተገናኙት በእርሷ ሱቅ የበርበሬ መደርደሪያ ሥር መሆኑን ገልጻ፣ ክርክሩን በዚያው ዘጋችው።

ቅዳሜ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሦስቱም ከአቶ ሠረቀብርሃን ሳሎን ቆሙ። ተቀመጡ ተባሉ፤ በወጉ መሠረት የመጡበት ጉዳይ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጡ አሳወቁ። አባትየው በየት በኩል እንደ መጡ ጠየቁ፤ ሰሙ፤ አረሙ። ከዚያ ስለ እምነቱ ወንጌላዊው መለሰ፤ ስለ ጠባዩ ከበቡሽ መለሰች። ወይዘሮ ስሂን ከማዕድ ቤቱ በር ቆመው በፈገግታ ያዳምጡ ነበር። ነገሩ ሁሉ ባማረ ሁኔታ ሲሄድ ቆየና፣ አቶ ሠረቀብርሃን ማስታወሻ ደብተራቸውን አንሥተው ሁለት ነገር ብቻ እንደ ቀራቸው ተናገሩ፦ የሱራላፓሌም ሕዝብ ስንት ነው፣ መጓጓዣውስ እንዴት ነው?

ወረቀቱ በጋሽ ልሳነወርቅ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ዓይናቸው በግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ ሄደ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ መስመሮች እንደ ደም ሥር ተጠላልፈዋል። በዚያ ካርታ ፊት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት የምትባለው ቁጥር በድንገት ቀጥና ታየቻቸው። የሽምግልናው ሕግ አፋቸውን ከፈተላቸው።

«ስልሳ ሺህ ይሆናል።»

ከበቡሽ ዘወር ብላ አየቻቸው። ወንጌላዊው ጣሪያውን ይመረምር ጀመር።

«አውቶቡሱስ?»

«በየሩብ ሰዓቱ ነው። ባቡሩ ደግሞ ከደጅ ነው።»

«የአውቶቡሱ መስመር ቁጥር ስንት ነው?»

በአሥራ አንድ ሽምግልና እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም። «አርባ አራት» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ።

አቶ ሠረቀብርሃን በጥንቃቄ ጻፉት፤ እንመካከርበትና የዛሬ ሳምንት ተመለሱ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። በመጀመሪያ ቀን እሺ አለመባል ያለ ነው፤ ጋሽ ልሳነወርቅም ደረጃውን ሲወርዱ ነገሩ እንደ ተሳካ ያስረዱ ነበር።

«ትንሽ ቢጠይቁዎት ኖሮ ኤርፖርትም ሊሠሩለት ነበር እኮ» አለች ከበቡሽ።

ሰኞ ዕለት ዕድላዊት ደወለችላቸው። ድምፅዋ የተቆጣም ያለቀሰም ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ ዳዲ ሁሉንም ቼክ አድርጎታል። ስድስት መቶ ሰው ነው ያለው። አርባ አራት የሚባል ባስ የለም። ፕራካሽ ዋሽቷል ነው የሚለው።»

«ዋሽቷል?»

«ለባስ የዋሸ ለልጄ ምን ሊል ነው ይለኛል። እኔ ደግሞ ያለ ዳዲ ምርቃት አላገባም፤ ፕራካሽም ይህን ያውቃል። ጋሼ፣ ፔፐሩን እኮ ሰጥቶዎታል።»

ጋሽ ልሳነወርቅ በመስታወት ክፍላቸው ፊት ሦስት መኪኖች ቆመው ጥሩንባ እስኪነፉ ድረስ ስልኩን በእጃቸው ይዘው ቀሩ። ልጁ የሰጣቸው እውነት ሳይታጠፍ ደርሷቸው ነበር፤ ያጠፉት እርሳቸው ናቸው፤ ውሸታም የተባለው ግን እርሱ ነው።

ወንጌላዊ ጊዲዮን የማርያም መንገድ ፈለገ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት መንደሮች አሉ ቢባልስ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ከበቡሽ፣ ወንጌላዊ ሆኖ ይህን ማሰቡ እርሷን እንዳስደነገጣት ነገረችው። ጋሽ ልሳነወርቅ ግን ሁለቱንም አልሰሙ። በሰማያዊው መስመር ተሳፍረው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ባቡሩ ከምድር ወጥቶ ድልድዩን ሲሻገር፣ የዚያ የተቆጣጣሪያቸው ድምፅ ከአርባ ዓመት በኋላ በጆሯቸው መጣ። በዓይንህ ያላየኸውን። እዚያው ባቡር ላይ ሳሉ ለፕራካሽ ደውለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ የማታው አውቶቡስ መንደሯ የሚደርሰው በስንት ሰዓት ነው? ልጁ በራሱ አገር ሰዓት ነገራቸው፤ እርሳቸውም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰዓት መለሱት። ቅዳሜ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ልሳነወርቅን በመቀመጫው ላይ ብቻቸውን ሲስቁ ያየቻቸው አንዲት ሴት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

በሁለተኛው ቅዳሜ አቶ ሠረቀብርሃን በሩን ከፈቱና በየት በኩል መጣችሁ ብለው አልጠየቁም። ከዚህ የከፋ ምልክት በዚያ ቤት የለም። ሦስቱም ቆሙ።

«አቶ ሠረቀብርሃን፣» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ «ልጁ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እርሱ የሰጠኝ ወረቀት ይኸውልዎት።»

አቶ ሠረቀብርሃን ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ፤ እርሳቸውም ያገኙት ይህንኑ ነበር።

«አርባ አራትን ከየት አመጧት?»

«ቆጣሪ ሆኜ የተማርሁት ነው። ድፍን ያልሆነ ቁጥር ይታመናል።»

«ስልሳ ሺሁንስ?» አለች ከበቡሽ ከጎን።

«እሱ ላይ ቸኮልሁ።»

ከማዕድ ቤቱ በር የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አቶ ሠረቀብርሃን ግን አልሳቁም፤ ሽማግሌ ለላከው ሰው ሲል ጥፋት በራሱ ሊወስድ እንደሚችል እንደሚያውቁ፣ ስለዚህ ይህኛውም ወግ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ጋሽ ልሳነወርቅ ይህን ጠብቀውት ነበር። አሁን እኔን አይመኑኝ፣ በዓይንዎ ይዩ ብለው የእጅ ሰዓታቸውን ተመለከቱ፤ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ደቂቃ ነበር። የከበቡሽ ትልቁ ስልክ ከአበባ ማስቀመጫው ጋር ተደግፎ ቆመ። በአንዱ የስክሪኑ ማዕዘን ፕራካሽ ከሀያትስቪል ታየ። ሽማግሌ የላከ ልጅ እዚህ ቤት አይገባም ሲሉ አባትየው አጉረመረሙ፤ ከበቡሽም፣ ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ደጃፍ እንዳልረገጠ፣ ጫማውንም እንዳላወለቀ አመለከተች።

የቀረውን ስክሪን ሱራላፓሌም ሞላችው። የፕራካሽ እህት ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆማለች፤ በዙሪያዋም ወሬውን የሰማው ሁሉ ተሰብስቧል። ልጆች፣ ሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ብስክሌት የያዙ፣ ከኋላ ላለመቅረት የሚዘሉ። ጋሽ ልሳነወርቅ ሳይታወቃቸው ጣታቸውን ዘርግተው መቁጠር ጀመሩ።

«ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ የደረሰበትን ያስታውሱ» አላቸው ወንጌላዊው በሹክሹክታ።

«ዳዊት የቆጠረው የራሱን ነው። ሰማንያ ሦስት፣ ሰማንያ አራት። አታናግረኝ።»

ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ፤ አውቶቡሱ የለም። ከሃያ ሆነ፤ አሁንም የለም። «ዘገየ» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን፤ ቢሆንም ወንበራቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ከሩቅ ጥሩንባ ተሰማና ሕዝቡ በአንድ አፍ ጮኸ። አንድ አረንጓዴ አውቶቡስ፣ ወደ ቀኝ ጎኑ ጋደል ብሎ፣ አቧራውን እንደ መጋረጃ እየጎተተ መጣ። ሰው አወረደ፤ ሰው ጫነ፤ በዛፏ ዙሪያ ተጠማዝዞ ወደ መጣበት ዞረ። አባትየው አጠማዘዙን ሲያዩ ሳይወዱ በግድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ከእርሻው መንገድ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። በራሳቸው ላይ ቅርጫት፣ በእጃቸው ፍየል ይዘው፣ በአቅማቸው ይሮጣሉ። አውቶቡሱ ግን ፍጥነት እየጨመረ ነው። አቶ ሠረቀብርሃን ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«መስታወቱን ይይ» አሉ ለስልኩ። «የግራውን መስታወት። በግራ በኩል ናቸው።»

የአውቶቡሱ የኋላ መብራት በራ። ቆመ። ሾፌሩ ወረደና ቅርጫቱን ከአሮጊቷ ራስ ላይ አንሥቶ አስገባው፤ ቀጥሎ አሮጊቷ ገቡ፤ በመጨረሻ ፍየሏ፣ ጥቂት ካሰበችበት በኋላ፣ ገባች። ሳሎኑ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ሠረቀብርሃን ብቻ ዓይናቸውን ከሾፌሩ አላነሡም። እርሳቸው በሃያ አራት ዓመት ሥራቸው ሰዓት ከሚያከብሩት አንዱ ናቸው፤ ሆኖም ከኋላ የሚሮጥ ሰው በመስታወት ባዩ ቁጥር እግራቸው ከአእምሯቸው ቀድሞ ፍሬን ይረግጣል። አለቆቻቸው ስለ መዘግየቱ በጽሑፍ የጠየቋቸውን ጊዜያት ወይዘሮ ስሂን ብቻ ያውቃሉ።

«ሾፌሩን አገናኙኝ» አሉ።

የፕራካሽ እህት ሮጠች፤ ከእርሷ ጋር መንደሩ ሁሉ ሮጠ። ስልኩ በመስኮት በኩል ለአንድ ሪዛም ሰው ተሰጠው። ፕራካሽ ከሀያትስቪል በእንግሊዝኛ ማስተርጎም ጀመረ። አቶ ሠረቀብርሃን መጀመሪያ ስንት ዓመት እንደ ነዳ ጠየቁት፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህችው መንገድ ላይ። እርሳቸው በሁለት ዓመት እንደሚበልጡት ነገሩት፤ ሰውየው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸው። ቀጥለው ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ ሳለ አሮጊቷን ለምን እንደ ጠበቀ ጠየቁት።

ፕራካሽ መልሱን ሰምቶ ተረጎመ። «ብተዋቸው የሚቀጥለው አውቶቡስ እኔው ነኝ፤ ነገ ጧት በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ይላል።»

አቶ ሠረቀብርሃን ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ይህን የሚያስተረጉመውን ልጅ ታውቀዋለህ?»

ሾፌሩ ረዘም አድርጎ መለሰ። በአውቶቡሱ ያሉት ተሳፋሪዎች በሳቅ ፈነዱ፤ አሮጊቷ ሳይቀሩ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። በስክሪኑ ማዕዘን ያለው ፕራካሽ ግን አንገቱን ደፋ።

«ምን አለ?» አሉ አባትየው።

ፕራካሽ ዕድላዊትን ፈለገ፤ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ታየዋለች። የሳሎኑ ሰው ከሾፌሩ ንግግር አንድም ቃል አልገባውም፤ የፈለገውን ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አሥር ዓመት ትምህርት ቤት ያመላለሰኝ እርሱ እንደ ሆነ ይናገራል። በመጀመሪያው ዓመት በየቀኑ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ያስመልሰኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያንን ጠመዝማዛ በእኔ ስም ይጠሩታል።»

ከበቡሽ ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሰው ስትናገር እንደምትለው፣ ከሳቅ ብዛት ራሷን ይዛ ወለሉ ላይ ልትቀመጥ ነበር፣ ወግ ብቻ ከለከላት። ወንጌላዊው እንባውን በከረባቱ ጠረገ። ዕድላዊት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና በእንግሊዝኛ ወይኔ የሚመስል ነገር ትል ነበር። ጋሽ ልሳነወርቅ ብቻ የአባትየውን ፊት እንጂ ሌላ አላዩም፤ የአርባ መንደር በር ያንኳኳ ቆጣሪ፣ ሰው እውነተኛውን ቁጥር ሊሰጥ ሲል ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል።

«ይህ ልጅ» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን ቀስ ብለው፣ «መዋሸት ቢያውቅበት ኖሮ አሁን ይዋሽ ነበር።»

ከዚያም ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች ዞረው፣ ሳምንት ሙሉ የተጠበቀውን ቃል ተናገሩ።

«ተቀመጡ።»

ከበቡሽ ቀድማ ተቀመጠች፤ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ እንደ ቆመ ሰውም እግሮቿን ዘረጋች። ወይዘሮ ስሂን እልል አሉ። በስልኩ ውስጥ ምን እንደ ተባለ ገና ያልተተረጎመለት መንደር፣ እልልታውን ሰምቶ በራሱ ቋንቋ መለሰ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፤ አሁን በሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ነበር። ጋሽ ልሳነወርቅ ጎንበስ ብለው ለወንጌላዊው፣ ፍየሏን ሳይጨምር አንድ መቶ ሃያ ሰባት መቁጠራቸውንና የቀሩት እርሻ ላይ መሆናቸውን አሳወቁት።

አቶ ሠረቀብርሃን ግን ማስታወሻ ደብተራቸውን ከፍተው ያለፈው ሳምንት የጻፉትን ገጽ ፈለጉ። አርባ አራት የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙ። በየሩብ ሰዓቱ የሚለውንም ሰረዙ። በሥሩ «አንድ፤ ጧትና ማታ፤ ወንዙ ካልሞላ» ብለው በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፉና፣ ብዕራቸውን ሳያስቀምጡ ወደ ስልኩ ማዕዘን ቀና አሉ።

«ለመሆኑ» አሉት ልጁን፣ «ወንዙ የሚጎድለው በየትኛው ወር ነው?»